ለነካሿም «ፖሌ»

ባለቤቴ ምዋናኸሪ ካረፈች ወዲህ ነፋሱ ሁለት ጊዜ ዞሯል። የሰሜኑ ሄዶ የደቡቡ ገባ፤ የደቡቡም ሄደና ይኸው ጀልባዎቹ እንደገና አፍንጫቸውን አዙረው ታስረዋል። እኔ አሁንም ማለዳ ተነስቼ ደጃፋችን ላይ ካሉት ሁለት የድንጋይ መደቦች በግራው ላይ እቀመጣለሁ፤ የጀልባ ሸራ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እሰፋለሁ። የቀኙ መደብ የእሷና የልጆቹ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ።

በመንደራችን በማቶንዶኒ «ቢ ኸሪ»፣ እመት ኸሪ፣ ሲባል የማያውቃት አልነበረም። ትምህርት ቤት ነበራት ለማለት ይከብዳል፤ ደጃፍ ነበራት። እናቶች ምንጣፍ ሊሠሩ፣ ዓሣ ሊያጸዱ ወይም ወደ ማሳ ሊሄዱ ሲሉ፣ ለቁርዓን ቤት ያልደረሱትን ትንንሾች አምጥተው እሷ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት የሆናቸው፣ አፍንጫቸውን መጥረግ የማይችሉ፣ ጫማ ግራና ቀኝ እንዳለው ገና ያልደረሱበት ናቸው። ከመደቡ ፊት መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ባሻገር ደረጃ፣ ከደረጃው በታች ውሃ። ውሃው ሲሞላ ብርሃኑ ከታች ተነስቶ ጣሪያችን ላይ ይጫወታል። ጣሪያው ከዚሁ ከጨው ውሃ ውስጥ በሚቆረጥ የማንግሮቭ እንጨት የተረበረበ ነው፤ ብርሃኑ በእንጨቶቹ መካከል እየተሳበ፣ እየተበጠሰ፣ መልሶ እየተቀጠለ ይሄዳል። ልጆቹ ሲንጫጩ ምዋናኸሪ አትጮህም። «ውሃው ጣሪያ ላይ ወጥቷል» ትላለች፣ ረጋ ብላ። ያ ሁሉ ጭንቅላት ቀና ይላል። አፎች ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእኔ መርፌ ሸራውን ሲወጋ ብቻ ነው።

«አትሩጥ» አትልም። «አትሩጥ ስትለው ልጅ የሚሰማው ሩጥ የሚለውን ነው» ትል ነበር፤ ስለዚህ «በእግርህ ቀስ» ትላለች። ጨዋታ የሚቆምበት ሰዓት ሲደርስ ድንገት አታስቆማቸውም። «ውሃው ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ሊደርስ ነው፤ ሲደርስ ዛጎሎቹን እንሰበስባለን» ብላ ትነግራቸዋለች። ልጆቹ እየተጫወቱም ድንጋዩን በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ውሃው ሲነካው ራሳቸው «ደረሰ!» ይላሉ። ከውሃ ጋር ማን ይጣላል? አልነሳም ለሚል ልጅ ደግሞ «ዛጎሉን ትይዛለህ ወይስ ቅርጫቱን?» ትለዋለች። ልጁ የትኛውን እንደሚይዝ ሲያስብ ተነስቶ ቆሟል። ከልጅ ጋር ስታወራ ሁልጊዜ ቁጢጥ ትላለች፤ ዓይኗ ከዓይኑ እኩል እስኪሆን። ስትቀመጥ ጉልበቷ ቀጭ ይላል። ልጆቹም እርስ በርስ ሲጨዋወቱ፣ ቢ ኸሪን የምትሆነው ልጅ መጀመሪያ ቁጢጥ ትልና በአፏ «ቀጭ» ታደርጋለች።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልጽፍ ሳስብ የሚመጣብኝ የሶሞዬ ነገር ነው።

ሶሞዬ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ፉሞ እንጨት ቆራጭ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚሞላው ትልቁ ውሃ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ወደ ማንግሮቩ ጫካ ይገባል፣ የሚቀጥለው ትልቅ ውሃ ሲመጣ እንጨቱን ጭኖ ይወጣል። እናቷ በወባ ሞተች። ፉሞ ልጅቱን ለጥቂት ጊዜ ጫካ ይዟት ገብቶ ነበር፤ ትንኙ ሊጨርሳት ሲል መለሳት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን ይዞ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ረጅም፣ ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ሲናገር ጫማውን ያያል።

«ማማ፣ እኔ ስሄድ እርስዎ ዘንድ ብትውል ብታድር» አለ። «ሌላ ሰው የለኝም። ፋዛ ከተማ የምትኖር እህት አለችኝ፣ አምጣት ትላለች። ግን ከበሯ ኋላ ልምጭ የማይጠፋ ሴት ናት። እኔንም ያሳደገችኝ በልምጭ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?» አልኩት እኔ፣ ላጫውተው ብዬ።

«ይኸው ከሰው ሸሽቼ ጫካ ውስጥ እንጨት እቆርጣለሁ» አለና ሳቀ።

ምዋናኸሪ ግን አልሳቀችም። ቁጢጥ ብላ ልጅቱን ታይ ነበር። ሶሞዬም እሷን ታያለች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አይነቅሉም።

ልጅቱ ቆየች። አባቷ መንደር ሲሆን ቤቷ ታድራለች፤ የሚሄድ ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለች ተሸክሞ ያመጣትና የእኛ ምንጣፍ ላይ አስተኝቷት ከሚወርደው ውሃ ጋር ይሄዳል። ስትነቃ ትነሳና ቁጭ ትላለች። አታለቅስም። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ አታለቅስም» እያልን እናወራ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ያርፋሉ። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በጀርባቸው ይተኛሉ፣ ምዋናኸሪ በመካከላቸው ተቀምጣ የአንዱን እግር የሌላዋን ግንባር እየነካች ታንጎራጉራለች። በዚያ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ያንቀላፋል። መዶሻው ያቆማል፣ ድመቶቹ ጥላ ውስጥ ይዘረጋሉ፣ ውሃው ራሱ ቆሞ የሚያስብ ይመስላል። እኔም መርፌውን እንደያዝኩ ዓይኔ ይከደናል።

በአንደኛው እንደዚህ ባለ እኩለ ቀን ራያ የምትባለው ልጅ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከሶሞዬ አጠገብ ነበር የተኛችው። ክንዷ ላይ የጥርስ ክብ ወጥቷል፤ ትንሽ፣ የተስተካከለ፣ እንደ ማኅተም። ምዋናኸሪ መጀመሪያ ራያን አነሳች። ክንዷን በቀዝቃዛ ውሃ አራሰችላት። «ፖሌ ራያ፣ ፖሌ የኔ እናት» አለቻት። ፖሌ እኛ ዘንድ ለወደቀም፣ ለደከመም፣ ከባድ ለተሸከመም የሚባል ነው። እንደ «እኔን!» ነው እንጂ በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ ማለት አይደለም። ሰው ሲጎዳ አይቶ ፖሌ ሳይል የሚያልፍ የለም።

ራያ ዝም ስትል ምዋናኸሪ ወደ ሶሞዬ ዞረች። ልጅቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ምዋናኸሪ ቁጢጥ አለች።

«ፖሌ፣ ሶሞዬ» አለቻት።

መርፌዬን አቆምኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

«የነከሰችው እኮ እሷ ናት!»

«አውቃለሁ ላሊ። ፊቷን ግን እየው።»

ፊቷን አየሁ። ድርቅ ያለ የልጅ ፊት ነው፤ እኔ ሌላ ያነበብኩበት ነገር አልነበረም።

ማምሻውን የራያ እናት ቢ ታይባ መጣች። ዓሣ ስታጸዳ ውላ ክንዷ ላይ ቅርፊቱ እንደ ብር ተለጥፎባታል። ምላሷ ስለታም ነው፤ እሷ ስትናገር የሠፈሩ ሴት ሁሉ ሥራ ይፈታል።

«ቢ ኸሪ፣ ሰላም አመሹ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ለልጄ ስንት ፖሌ ደረሳት?»

«የሚገባት ያህል ደርሷታል።»

«እኔማ የሰማሁት ግማሹን ለነካሿ እንዳካፈሉባት ነው! ጥርሱም የእሷ፣ ፖሌውም የእሷ? የእኔ ልጅ ታዲያ ክንዷን ለምን አመጣች፣ ለምሳ?»

ምዋናኸሪ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቢ ታይባም ልትስቅ ነበር፤ ግን ተቆጥታ ስለመጣች ፊቷን መልሳ አጠነከረችው። «እኔ አልቀለድኩም» ብላ ሄደች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። በማግስቱ ሸኩዌ የሚባል ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ድቡልቡል ልጅ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛጎል ሲደረድር ከነበረበት ተነስቶ ሄዶ የጓደኛውን ጆሮ ነከሰ። ጓደኛው ጮኸ። ሸኩዌ አልሸሸም። ምዋናኸሪ ፊት መጥቶ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ቆመ።

«የእኔስ ፖሌ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረርሽኝ ነው። ልጆቹ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የሚነክስ ሰው ቢ ኸሪ ቁጢጥ ትልለታለች፣ ዓይኑን ታየዋለች፣ በለሆሳስ ፖሌ ትለዋለች። ይህን የማይፈልግ ማን አለ? ጣት ተነከሰ፣ ትከሻ ተነከሰ፣ አንዲቷ ሌላ ሰው ብታጣ የራሷን ጉልበት ነክሳ መጣች። እኔ ሸራ ላስረክብ ወደ ጀልባ ሠሪዎቹ ስወርድ ከእንጨቱ ላይ ሆነው ይጠብቁኛል፤ የእጅ ባለሙያን ሁሉ «ፉንዲ» ነው የሚሉት።

«ፉንዲ ላሊ! ሸራውን ጨርሰህ አመጣኸው ወይስ የሚስትህ ተማሪዎች ቀምሰውታል?»

«ጠርዙን ብቻ ነው» እላቸዋለሁ። ምን ልበል?

ሴቶቹ ግን መሳቁን ተዉ። ቢ ታይባ ሌሎቹን እናቶች አስከትላ መጣችና ደጃፋችን ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም። እኛ ዘንድ ሰው ደጃፍ መጥቶ ካልተቀመጠ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

«እናከብርዎታለን» አለች ቢ ታይባ። «እኔንም ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፣ እዚሁ መደብ ላይ። ግን ያቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ልጆቻችን የዱር ድመት ሆነዋል። ወይ ልምጭ ትቅመስ፣ ወይ አባቷ ሲመጣ ፋዛ ይውሰዳት። አለዚያ እኛ ልጆቻችንን እንወስዳለን።»

ምዋናኸሪ አንድ በአንድ አየቻቸው። ግማሾቹ በእጇ ያለፉ ናቸው።

«እስከ ትልቁ ውሃ ታገሱኝ» አለች። «ፉሞ እስኪመጣ።»

እራት ቀረበ። ሶሞዬ ከጎናችን ተቀምጣ ሩዟን በጣቷ እያንከባለለች ትበላለች። ስትጨርስ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«አንድ ጊዜ ብቻ ብትቀምስ ምን ይሆናል?» አልኩ። «ለሰዎቹ ስትይ። በቀጭኗ።»

«ሸራህ ሲቀደድ ትገርፈዋለህ?»

«ሸራ አይናከስም።»

«የት ጋ እንደተቀደደ ታየው የለም እንዴ መጀመሪያ?» አለችና የሩዙን ሰሃን አነሳች። ልትሄድ ስትል ቆመች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቃሉ ልክ ነበር፤ ግን ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁት። የት እንዳመማት ሳላውቅ። ለዚህ ነው ሕፃናቱ እንደ ቴምር የሚሰጥ ነገር የመሰላቸው።»

በማግስቱ ሸኩዌ የአንዱን አውራ ጣት ነክሶ እጁን ዘርግቶ መጣ። ምዋናኸሪ መጀመሪያ የተነከሰውን አባበለች፤ እያባበለች ሸኩዌን በሌላ እጇ አጠገቧ አቆየችው። ከዚያ ቁጢጥ አለች። ቀጭ።

«የት ነው ያመመህ?» አለችው።

ሸኩዌ ይህን አልጠበቀም። አሰበ። ሆዱን ነካ፣ ጉልበቱን ነካ፣ የትም አላመመውም። በመጨረሻ አፉን ከፍቶ አሳያት።

«ጥርሴን።»

«ጥርስህን አመመህ? ጣት ጠንካራ ነዋ። እንግዲያው አንተ ውሃ ተጉመጥመጥ፤ ከዚያ ለጓደኛህ ጣት ውሃ ታመጣለህ። በኩባያው ነው በጣሳው የምታመጣው?»

«በጣሳው» አለ ሸኩዌ፣ ትልቁን መርጦ። በሁለት እጁ ይዞ እየተንገዳገደ መጣ። ግማሹ ፈሰሰ። ተመልሶ ሄደ። ጣቱን ራሱ ነከረለት፣ ራሱ በልብሱ ጠረገለት። ሲጨርስ ደክሞት ተቀመጠ። ፖሌውን ረስቶታል። «ይቅርታ በለው» አላለችውም። እሷ ማንንም ልጅ ይቅርታ በል ብላ አታውቅም፤ «ውሃውን ያመጣ እጅ ብሎታል» ትላለች። በዚያ ሳምንት ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ፤ መንከስ ሥራ እንደሚያበዛ ልጆቹ ሲያዩ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ሶሞዬ ብቻ ቀረች። እሷ ፖሌ አትጠይቅም፣ እጅ አትዘረጋም። ቀኑን ሙሉ ደህና ትሆንና እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ አጠገቧ ያለውን ትነክሳለች።

አንድ ቀን ምዋናኸሪ ሌሎቹን ራቅ አድርጋ አስተኛችና ራሷ ከሶሞዬ ጎን በጀርባዋ ተኛች። ውሃው ሞልቶ ነበር። ብርሃኑ በእንጨቶቹ መካከል ይሳባል። ሸኩዌ ማንኮራፋት ጀምሯል። እኔ ከወዲያኛው መደብ አያለሁ፦ የልጅቱ ዓይን ይከደናል፣ ይከፈታል፣ ይከደናል፤ እንቅልፍ ሊያሸንፋት ነው። ሰጥሞ እንደ ወጣ ሰው ድንገት ትንፋሿን ሳበችና የምዋናኸሪን አንጓ ነከሰች።

ምዋናኸሪ እጇን አልመነጨቀችም። ጥርሱ እስኪላላ ጠበቀች።

«እጄን አመመኝ» አለቻት፣ እንደተኙ፣ ወደ ጣሪያው እያየች። «ጥርስ ለምግብ ነው።» ከዚያ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገች። «አንቺንስ? የት ነው ያመመሽ?»

ሶሞዬ እጇን አንስታ ወደ ላይ አመለከተች።

«ብርሃኑ ነው?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እንጨቱ?»

«ባባ» አለች ሶሞዬ። እንዲህ ያለውን እንጨት የሚቆርጠው አባቷ ነው። «ተኛሁ» አለች። «ነቃሁ። የለም።»

ይህ ከእሷ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነበር። ሌላ አልጨመረችም። የእናቷንም ነገር አላነሳችም፤ እሷም የሄደችው ልጅቱ ተኝታ ሳለች እንደነበር በኋላ ነው ያሰብኩት።

«ፖሌ፣ ሶሞዬ» አለች ምዋናኸሪ።

ልጅቱ ዞራ ፊቷን ብብቷ ውስጥ ቀበረች። እኔ ሸራዬን አየሁ። ክሩ ከመርፌው ወጥቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምዋናኸሪ በግድ አታስተኛትም ነበር። «አንቺ ቁጭ በይና እነዚህን ጠብቂልኝ» አለቻት፤ ሶሞዬም ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እግሯን ዘርግታ ተኝተው ያሉትን ትጠብቃለች፤ ዝንብ ያረፈበትን ትከልልለታለች። «እንቅልፍ ከመጣ ግን ይምጣ» ትላታለች ምዋናኸሪ። «ስትነቂ እዚህ ነኝ፣ ይህችን ምሰሶ ተደግፌ። ላሊ ደግሞ እዚያ ነው።» አንድ ቀን ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። ምዋናኸሪ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጋ ሳትሄድ ቀረች። ልጅቱ ነቅታ ምሰሶውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ምሰሶውን አየች። አልነከሰችም።

ትልቁ ውሃ መጣ፤ ፉሞም መጣ። ነገሩን ወደብ ላይ ገና ከጀልባው ሳይወርድ ነግረውታል። ደጃፋችን ሲደርስ የልጅቱን ልብስ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ነበር።

«ሰው አስቸገርኩ ማማ» አለ፣ ጫማውን እያየ። «ወደ ጫካ ስመለስ በፋዛ በኩል እናልፋለን። እህቴ ጋ አወርዳታለሁ።»

«ተቀመጥ» አለችው። «ስትሄድ ለምን ሰርቀህ ትሄዳለህ?»

«ሰርቄ?»

«ተኝታ።»

«እንዳታለቅስ ነዋ። ለእሷ ብዬ ነው።»

«እውነት ለእሷ ነው?» አለችው፣ ለስለስ አድርጋ።

ፉሞ የቋጠሮውን ጫፍ አጠበቀ። «ስታለቅስ ካየሁ እግሬ አይነሳም» አለ በመጨረሻ።

«ይነሳል። እሷም ታለቅሳለች፤ ልቅሶ አይጎዳትም። የጎዳት ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ሰው መጥፋቱ ነው። በቀን ሂድ። ፊቷን ይዘህ ንገራት። መቼ እንደምትመለስም ንገራት፤ በየትኛው ውሃ።»

«አራት ዓመቷ ነው እኮ፣ ስለ ውሃ ምኑ ይገባታል?»

«እዚህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሌላ ምን የምታይ መሰለህ?»

ቢ ታይባ መንገዱ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ራያን ልትወስድ መጥታ ነው። ፉሞ እዚያ መኖሩ ሳይገታት፣

«ቢ ኸሪ፣ ደግማ ብትነክስስ?» አለች።

«ልትነክስ ትችላለች» አለች ምዋናኸሪ። «ያኔ ውሃ ይዛላት ትመጣለች፤ እኔም በመካከላቸው እሆናለሁ። አትነክስም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፣ ታይባ።»

ቢ ታይባ የራያን እጅ ይዛ ሄደች። ደህና ዋሉ አላለችም። ፉሞ ከኋላቸው አየና፣

«ሌሎቹ ልጆች ካልመጡ ውሰዳት በሉኝ፤ በእኔ ምክንያት ደጃፍዎ ባዶ እንዲሆን አልፈልግም» አለ። ቋጠሮውን ይዞ ሄዶ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠው።

በሚሄድበት ቀን ማለዳ አንድም ልጅ አልመጣም። ምዋናኸሪ ምንጣፉን እንደወትሮው ነጠፈች፣ ዛጎሎቹን አፈሰሰች፣ ሶሞዬን አጠገቧ አስቀመጠች። ፀሐይ ከፍ አለች። ቀስ እያለ ውሃው ይሞላል፤ ብርሃኑ ጣሪያችን ላይ ደረሰ፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ከየቤቱ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ራቅ ያለ፣ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ እንደ ሕልም የሚመጣ።

ፉሞ መጣ። ባዶውን ምንጣፍ አየ፣ ከዚያ ምዋናኸሪን።

«አልመጡም» አለ።

«አልመጡም» አለች። «እሷ ግን መጥታለች። አንዲት ልጅም ብትሆን ልጅ ናት። እንደ ነገርኩህ አድርግ።»

ጓደኞቹ ከጀልባው ይጣራሉ። «ፉሞ! ውሃው ሊመለስ ነው! ሙሽራ ልትወስድ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ያ ረጅም ሰው መንገዱ ላይ ተንበረከከ፣ የልጁን ፊት በሁለት መዳፉ ያዘ። እጁ በመጥረቢያ የጠነከረ ነው፤ ጉንጯ ጠፋበት።

«ሶሞዬ፣ አሁን እሄዳለሁ» አለ። ወደ ደረጃው በአገጩ አመለከተ። «ጨረቃዋ ትጠፋለች፣ ከዚያ ቀጭን ሆና ትመጣለች። ያኔ ውሃው ያቺን ከፍ ያለችውን ድንጋይ ይሸፍናል። ድንጋዩ ሲሸፈን እመጣለሁ።»

ልጅቱ ወደ ድንጋዩ፣ ከዚያም ወደ ፊቱ አየች። ነገሩ ሲገባት አንገቱን አንቃ ያዘች። ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም፤ የታመቀው ሁሉ ነው የወጣው፤ የጀልባ ሠሪዎቹ መዶሻ ሳይቀር ቆመ። ትከሻውን ነከሰችው። ፉሞ አልገፋትም። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ከዚያ እጆቿን ቀስ ብሎ ፈትቶ ለምዋናኸሪ ሰጣትና ተነሳ። ደረጃውን ወረደ፣ ጀልባው ላይ ወጣ፣ ቋጠሮውን አንስቶ አየው። መልሶ ወረደና እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው። ተመልሶ ጀልባው ላይ ወጣ። ቀዘፉ።

ምዋናኸሪ ልጅቱን ጭኗ ላይ ይዛ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዝም በይ አላለቻትም። «አዎ፣ ሄደ» ትላለች፤ «አዎ፣ ያው ጀልባው፣ እዪው» ትላለች። ሶሞዬ እያለቀሰች ጀልባውን ታያለች። እስከ ውሃው መታጠፊያ ድረስ አየችው፤ ፉሞም ቆሞ እጁን እንዳነሳ ነበር።

ሰዎች ከየቤቱ ወጡ። ቢ ታይባ ራያን አዝላ መጣችና መንገዱ መካከል ቆመች። የልጅቱን ፊት አየች፤ በእንባና በንፍጥ የራሰ፣ የላላ፣ የአራት ዓመት ልጅ ፊት። ከዚያ ባዶውን ምንጣፍ አየች። የዓሣ ቢላዋዋ መቀነቷ ላይ ተሰክቷል።

ራያን ከጀርባዋ አወረደች። ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ አየችና ጥርስ የማይደርስበት ርቀት እንዲሆን ትንሽ ሳብ አደረገቻት። ከዚያ፣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን፣ ልጅዋ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እኔ ዓሣውን ላጸዳ እሄዳለሁ» አለቻት። «ስጨርስ እመጣለሁ። እሺ?»

«እሺ» አለች ራያ፣ ሶሞዬን እያየች።

ቢ ታይባ ተነስታ ምዋናኸሪን አየች። «ካለቀሰች በኋላ ይርባታል» አለች። «ዳቦ እልካለሁ።» ሄደች፤ ከማዕዘኑ ስትታጠፍ የሸኩዌ እናት ልጅዋን እየጎተተች ወደ እኛ ስትመጣ አገኘቻት። ሁለቱ ቆመው ጥቂት አወሩ። ሸኩዌ አልጠበቃቸውም፤ ወደ ምንጣፉ ሮጠ።

«ሩጥ አትሩጥ!» አለች እናቱ ግራ ተጋብታ።

«በእግርህ ቀስ» አለች ምዋናኸሪ ከምንጣፉ ላይ፣ ልጅቱን እንዳቀፈች፣ ቀና ሳትል።